የወንድምየው ማልያ

የቤት ሠራተኛዋ ዛሂራ ሽማግሌው የለበሱትን ማልያ ጫፍ ይዛ ወደ ላይ ጎተተች፤ እሳቸው ደግሞ በሁለት እጃቸው ወደ ታች። በካርቱሙ የማንሺያ ሰፈር ሙቀት አልቧታል። ሲጨቃጨቁ ሳሙናው ባልዲው ውስጥ ሟሙቶ አለቀ።

“አባባ፣ ያላ፣ ቶሎ ይበሉ! ሐኪሙ እንዲህ ቆሽሸው ቢያገኝዎት ልጅዎ የምትጮኸው እኔ ላይ ነው” አለች ተማርራ። “ለአንድ አሮጌ ጨርቅ በየቀኑ ጦርነት!”

“ላ፣ አይሆንም!” አሉ። ስፔናዊ ቢሆኑም ካርቱም ነው ያረጁት፤ ከእሷ ጋር የሚግባቡት በዓረብኛ ነበር። “ሊጉን የወሰድን ዕለት ወንድሜ የተጫወተበት ነው።”

“ታዲያ ሊግ በየዓመቱ አለ አይደል?”

“በሚቀጥለው ዓመት አልነበረም። በዚያው ክረምት እርስ በርስ መዋጋት ጀመርን። ወንድሜን ልምምድ ላይ ሳለ ከሜዳ ወሰዱት።”

ዛሂራ “ኸላስ፣ ይበቃል!” ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ አላለችም። እጇ ማልያው ላይ እንዳለ ቀረ።

“አስከሬኑን አገኛችሁት?”

ሽማግሌው ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ። እሷም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

“የእኔንም ወንድም በደርግ ጊዜ ከኳስ ሜዳ ነው ያፈሱት። ደሴ” አለች። በዚህ ቤት ስለ ወንድሟ ስለ ይማም ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። “ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።” አይዞሽ እንዲሏት፣ ወይም አላህ ያውቃል እንዲሏት ጠበቀች፤ ሰው ሁሉ የሚላት ይህንኑ ነበርና።

ሽማግሌው ግን ማልያውን ለቀቁና ወደ እሷ ዞሩ።

“ምን ቦታ ነበር የሚጫወተው?”

“በረኛ ነበር” አለች፤ ከዚያ በኋላ እንባዋን መቆጣጠር አልቻለችም።