የሐይቅ ዳር መሐላ

ልጅቷን ውሃ ቢወስድብኝ ለእናቷ ምን ብዬ እነግራታለሁ? እማማ አትጠገብ ይህን ራሳቸውን ሳይጠይቁ የዋሉበት ቀን የለም። ከሰፈሩ ግርጌ ያለውን የሐይቅ ዳርቻ ኮረብታ ስለጋረደው ነፋስ እንኳ አይደፍረውም፤ እሳቸው ግን አብልጠው የሚፈሩት የተኛ ውሃ ነው። ባላቸው ሊጠብቋት አብረዋት ስለሚወርዱ ብቻ ትንሽ ይጽናናሉ።

ዛሬም የልጅ ልጃቸውን በር ላይ ያዟት።

«ውሃ ውስጥ አልገባም ብለሽ ማይልኝ።»

«እማማ ትሙት፣ አልገባም!»

«የኔማ ዕድሜ አልቋል። አባባ ይሙት በይ!»

«እሱንስ አልልም።»

«ይኸው! ልትገቢ ነዋ!»

«ኧረ እኔስ ዳር ቁጭ ብዬ ጠባቂ ነኝ። የሚዋኘው እሱ! ታዲያ በሱ ሞት ልማል?»

እማማ አትጠገብ ወደ ጓዳው ዞሩ። ሽማግሌው ባላቸው በቁምጣ ብቅ አሉ፤ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በሁለቱ መካከል ሾልከው ወጡ።