የተገፋው ቀን

ደሪቱ እጇን ከሳፋው ሳታወጣ ታዳምጣለች። ከሆስፒታሉ የመጣችው ፌናን በርጩማው ላይ ተቀምጣ ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች። ከአጥሩ ወዲያ፣ የደሪቱ አባት ጤፍ ይዘሩበት በነበረው መሬት ላይ፣ ኮንክሪት ሚክሰሩ ያጓራል። ሲኤምሲ ዘንድሮም ፎቅ ያበቅላል፤ የታጠበ ልብስ ሳይደርቅ አቧራ ይለብሳል።

ከሁለት ዓመት በፊት ሆስፒታሉ ለሳንባ ምች አዲስ ሕክምና ሲሞክር ልጇ ሂካ ከተሞከረባቸው ሕፃናት አንዱ ነበር። በገባ በአራተኛው ቀን ሞተ። አሁን ጥናቱ ሊታተም ነው። የውጭ አገሩ መጽሔት ግን የእያንዳንዱ ሕፃን መረጃ ለሌሎች ተመራማሪዎች ካልተከፈተ አላትምም ብሏል። ደሪቱ ያኔ የፈረመችው ይህን አይጨምርም፤ ፌናንን ያመጣት ይኸው ነው።

ስሙ ከመረጃው ተሰርዞ ይወጣል አለቻት ፌናን፣ ሰፈሩም ይወጣል።

"ይውጣ" አለች ደሪቱ።

የሂካ ነገር ሲነሳ እንባዋ የሚቀድማት ድሮ ነው። አሁን ምንም አይመጣም። ጎረቤቱ "ተመስገን፣ ቻለችው" ይላል። አልቻለችውም፤ ደንዝዛ ነው።

"የሞተበትም ቀን በትክክሉ አይጻፍም፣ እትዬ" አለች ፌናን። "ያን ቀን ሕፃን መሞቱን የሚያውቅ ሰው እንዳይለየው፣ ቀኑ ይገፋል።"

የደሪቱ እጅ ውሃው ውስጥ ቆመ። ሂካ የሞተው በኅዳር ሚካኤል ነው። ለቅሶ የመጣው ሁሉ "ሚካኤል ራሱ ተቀበለው" እያለ ሊያጽናናት ሞክሯል። እሷ ግን አኮረፈች። ያን ሁሉ ዓመት በየወሩ ዘክራው፣ በገዛ ቀኑ ልጇን ይወስድባታል? ከዚያ ወዲህ ዝክሩን ትታለች።

"ወደፊት ነው ወደኋላ የምትገፉት?"

ፌናን ይህን መንገር የተፈቀደላት አትመስልም፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "የሱ ወደፊት ነው። በአንድ ሳምንት።" ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ ደሪቱ በከንቱ ተስፋ እንዳታደርግ ነው መሰል፣ ሆስፒታል የገባበት ቀንም አብሮ እንደሚገፋ ነገረቻት። በሕይወት የቆየበት ጊዜ አይጨምርም።

ደሪቱ በልቧ አሰላችው።

"እንግዲያው በሚካኤል ዕለት ሆስፒታል አልገባም።"

"በእኛ መረጃ፣ ገና አልገባም።"

"ቤቱ ነው።"

"ቤቱ ነው፣ እትዬ።"

ደሪቱ እጇን በቀሚሷ አደረቀችና ፈረመች። ፌናን ተሰናብታት ወጣች።

ደሪቱ ወደ ሳፋው ተመልሳ ጎንበስ አለች። ሂካ፣ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው፣ ጫማውን ሳያወልቅ ዘሎ ውሃው ውስጥ ሲገባ ታያት። ልትቆጣው አፏን ስትከፍት እንባዋ መጣ።