የጎንቲየር ሰሌዳ

ኤዴሊን ማለዳ ተነስታ ፍሙን ገላለጠች፤ ጭራሮ ጨመረችበት፤ የአተር ሾርባ ጣደች። ጎረቤቷን እትዬ ሪሼልድን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው የሁለቱንም ቤት ባልዲ ይዛ ወደ ምንጩ ወረደች። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ኮረብታው ላይ ካለው ትምህርት ቤት የተማሪዎቹ ክርክር ይሰማል፤ ፓሪስ ውስጥ ክርክር የሚጀመረው ከቁርስ በፊት ነው።

ስትመለስ እትዬ ሪሼልድ ምድጃዋ ፊት ቆመዋል። በሁለት እጃቸው የጎንቲየርን ሰሌዳ ይዘዋል።

የኤዴሊን ባል ጎንቲየር ኮረብታው ላይ ያስተምር ነበር። እንደ ሌሎቹ መምህራን ሰም በተቀባ ሰሌዳ ላይ በብረት ጫፍ ይጽፋል፤ ተማሪ ብራና ላይ ሲገለብጥለት ሰሙን ደምስሶ ሌላ ይጽፍበታል። በጾም መግቢያ ሲሞት ሳይገለበጥ የቀረው ይኸው አንዱ ነው። ተማሪው ሊገለብጠው የሚመጣው ዛሬ ከሰዓት ነበር።

«ጣራው አፍስሶበት አገኘሁት» አሉ እትዬ ሪሼልድ። «እንደ ጨርቅ ይደርቃል ብዬ እሳት ዳር አስጠጋሁት። ለአንድ አፍታ ነው ዞር ያልኩት።»

ሰሙ ቀልጦ አንድ ጥግ ላይ ረግቷል። አንድ ፊደል አልቀረበትም።

ኤዴሊን ባልዲዎቹን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ዝም አትበይኝ፣ ልጄ። ስደቢኝ። ባልሽ ቢሆን ‹ይቺ አሮጊት ቤቱንም ሳታቃጥልብን አትቀርም› ይል ነበር።»

«ይል ነበር።»

«ደግሞ የተጻፈው የኔው ጉድ ነው። አንብቦልኛል እኮ።»

እውነት ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ ብርድ ልብስ ያልነበራት አንዲት ወጣት እናት ሕፃኗን እንዲሞቀው እቅፏ ውስጥ አስገብታ ተኛች፤ እንቅልፍ ጣላት፤ ሳታውቀው ተጫነችው፤ ጠዋት ሕፃኑ አልተነሳም። ቄሱ ሰባት ዓመት ንስሐ ሰጧት። ያቺ እናት እትዬ ሪሼልድ ነበሩ፤ ይህን ለማንም ነግረው አያውቁም ነበር። ጎንቲየር ሦስት ሳምንት በትኩሳት ሲማቅቅ አንሶላውን ወንዝ ወርደው የሚያጥቡለት እሳቸው ነበሩና፣ አንድ ቀን ለእሱ ነገሩት። ያን ቀን ኤዴሊንን ሰሌዳውን አምጪልኝ አላት።

«ሁለተኛዬ ነው» አሉ አሁን፣ ሰሌዳውን እያዩ። «አሞቃለሁ ብዬ አጠፋሁ።»

ኤዴሊን ሰሌዳውን ተቀበለቻቸው፤ ገና ትኩስ ነው። በርጩማውን ሳብ አድርጋ አስቀመጠቻቸው።

«በቃሌ ይዤዋለሁ፣ እትዬ። ልበልልዎት?»

«እስቲ።»

«‹ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር አምላክ የሚመዝነው እጅ የሠራውን አይደለም፤ ልብ የፈቀደውን ነው። ይህች እናት የፈቀደችው ልጇ እንዲሞቀው ብቻ ነው።›» ቀጥላም «ከታች ደግሞ ‹ሾርባዋ ግን ጨው ይበዛዋል› ይላል። ተማሪው ሳያየው ላጠፋው ነበር» አለች።

እትዬ ሪሼልድ እንባቸው እየወረደ ሳቁ። «ይሄ ባለጌ! ጠርጎ ይበላው አልነበር?»

«እርስዎ ባይኖሩ ያንን ሦስት ሳምንት አልችለውም ነበር» አለች ኤዴሊን። ይህን እስከ ዛሬ ነግራቸው አታውቅም። ሁለት ሳህን አወረደችና ሾርባውን ቀዳች።

ከሰዓት ተማሪው ሲመጣ እሷ ትነግረዋለች፣ እሱ ይጽፋል። ከቃሉ አንድም አይጎድልም። የጎደለው በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ ወደ ቀኝ የሚያዘቀዝቀው የጎንቲየር የእጅ ጽሑፍ ነው። እሱ አሁን የትም የለም።