ለዳሪሙ የቀረው ቅርንጫፍ

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይላሉ። ሰሚራ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ወጥታለች፤ ለዚያውም ያለ ደመወዝ።

በላቲኑ ቁቤም በግዕዙ ፊደልም የተጻፈ ስም የአንድ ሰው መሆኑን የሚለይ፣ ማንም በነፃ ወስዶ የሚሠራበት ኮድ አላት። የሥራ ቀኗን መቱ ቢሮ ታሳልፋለች፤ ቅዳሜና እሁዷን ኮዱ ይበላዋል። ሁለት ቅርንጫፍ አለው፤ አንዱ ለአዳዲስ ኮምፒውተሮች፣ አንዱ ለአሮጌዎቹ። አዲሱ ላይ ያቃናችው አሮጌው ላይ ይጣመማል። እንደገና ታቃናዋለች።

በአሮጌው የቀረው ተጠቃሚ አንድ ብቻ ነው፤ ዳሪሙ ገጠር ያለ ትንሽ ጤና ኬላ። የመዝገብ ሠራተኛው ጋሼ ደበሳ በየወሩ መጀመሪያ በቴሌግራም አንድ ችግር ይልካሉ። ሁልጊዜ ካርድ ቁጥር አሥራ አራት ነው፤ አንዴ ስሙ ተደገመ፣ አንዴ ፊደሉ ተቆረጠ። መጨረሻውም ያው ምስጋናና ምርቃት ነው፦ «ገለቶሚ ልጄ። ዋቀዮ እንጀራሽን ያቆይልሽ።»

ምርቃቱ ያበሽቃት ነበር። እኚህ ሰው አንድ አሮጌ ዕቃ ላለመጣል ሰው ይገድላሉ፣ ትላለች። ቅርንጫፉን እንዳትዘጋው ደግሞ የሕፃናቱ የክትባት ካርድ እዚያ ውስጥ ነው፤ ይሉኝታ ይይዛታል። አንድ ቀን ደውላ አዲስ ማሽን አይመጣላችሁም ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ጥያቄዋን ትተው «አንቺ አሁንም እዚያው ሥራሽ ላይ ነሽ አይደል?» አሏት። ያሾፉባት መሰላት።

አዳማ ያገኘችውን የሁለተኛ ዲግሪ ዕድል ለዚህ ስትል ሁለት ጊዜ አስተላለፈች። ዘንድሮ ለሦስተኛ ጊዜ ብትጠይቅ ቦታው ለሌላ ተሰጠ። አልቅሳ ሳትጨርስ የወሩ መልእክት ገባ። ካርድ ቁጥር አሥራ አራት አልከፈት ብሏል።

አሁንስ እኔው ሄጄ ልገላገል ብላ ፍላሽዋን ይዛ ተነሳች። መኪና እስካለበት በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ ጭቃውን በእግሯ። ስትደርስ ጋሼ ደበሳ ገበያ ወጥተዋል። ገለኔ የምትባል ነርስ ከሦስት አዳዲስ ኮምፒውተሮች በአንዱ ላይ ተቀምጣ የክትባት ካርድ ትመዘግባለች። አሮጌው ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሷል።

ሰሚራ ማንነቷን ሳትናገር፣ ያኛው ምን ይሠራል ብላ ጠየቀች።

«እሱ እንኳ ከተተወ አራት ዓመቱ ነው» አለች ገለኔ ቀና ሳትል፤ «ጋሼ ደበሳ ናቸው በየወሩ የሚያስነሱት፤ መቱ አንዲት ልጅ አለች፣ የምታቃናው ችግር ካልተገኘላት ከሥራዋ ያስወጧታል ብለው።»