ከሶፋው ጀርባ

እታባ ከሶፋው ጀርባ ስትቀመጥ ጉልበቷ ቋ ይላል። ማይክሮፎኑ ያን ድምፅ እንዳይለቅመው ሁልጊዜ ካሜራው ሳይበራ ቀደም ብላ ትቀመጣለች። ሥራዋ ተዋናይ ቃል ሲጠፋበት ሹክ ማለት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ሹክ ስትል ኖራለች፤ ደክሟታል። ግን እሷ ተነሥታ ብትሄድ ታናሽ እህቷ ሜዳ ላይ መቅረቷ ነው።

ታናሽ እህቷ ያቺ ዝነኛዋ ናት። ከቲያትር ቤት ወጥታ በቴሌቪዥን ተውኔት መጫወት ከጀመረች ወዲህ የማያውቃት የለም። በጣቢያው ኮሪደር ላይ የወጣትነት ፎቶዋ ተሰቅሏል፤ መስኮት ሥር አልጋ ላይ የተኛች፣ ልትሞት የተቃረበች በሽተኛ ሆና ስሟን የተከለችበት ተውኔት ነው። ያኔ አገር ምድሩ አልቅሶላታል። እታባ በፎቶው በኩል ስታልፍ ዛሬም ቆም ሳትል አትሄድም።

አሁን ግን ልጅቷ መርሳት ጀምራለች። «ልጅቷ» የምትላት እታባ ብቻ ናት እንጂ ስድሳን ተሻግራለች። ባለፈው ድስት እሳት ላይ ተረስቶ ከሰል ሆነ። «እኔ ነኝ፣ እታባ፣ እኔ ነኝ የረሳሁት» አለች፣ ገና ማንም ሳይጠይቃት። የቤቱ ቁልፍ ስኳር ዕቃ ውስጥ ሲገኝም «እኔ ነኝ» አለች። እታባ አልተቆጣቻትም። እናታቸው ስትሞት ይህችን ልጅ አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ያዘሉትን ልጅ ሲያረጅ እንዴት ይቆጡታል?

ካሜራ ፊት ደግሞ ይብሳል። ንግግሯን እንደ ውሃ ስታንቆረቁር ቆይታ ድንገት ዝም ትላለች። እታባ ቃሉን ትወረውርላታለች። እሷ ግን ጥቂት ፈዛ ትቆይና የተወረወረላትን ትታ ሌላ ትናገራለች። ጋዜጦቹ ይህን ዝምታ የጥበብ ጣሪያ ነው ብለው ጻፉለት። እታባ ሲነበብላት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረባት።

ጣቢያው ተውኔቶቹን የሚያስተላልፈው በቀጥታ ነው። የተሳሳተ ቃል ተቆርጦ አይጣልም፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

የዛሬው ተውኔት አዲስ ነው። ከጦርነት ሸሽታ ምድር ቤት ውስጥ የተደበቀች የአንዲት መበለት ታሪክ። አንድ ሶፋ፣ አንድ ፋኖስ፣ አንድ በር፤ ሌላ ዕቃ የለውም።

ከስርጭቱ በፊት አዲሷ ሜካፕ ሠሪ ዝነኛዋን ዱቄት ስትቀባ፣ ዝነኛዋ ጥጥ እየጠቀለለች ጆሮዋ ውስጥ ስትወትፍ እታባ በመስታወቱ አየቻት።

«ምነው? አመመሽ እንዴ?»

«ትንሽ ይጠዘጥዘኛል።»

«ታዲያ ጥጥ ወትፈሽ እንዴት ልትሰሚኝ ነው?»

ዝነኛዋ ዞራ እጇን ያዘቻት። «አንቺን በጥጥም እሰማሻለሁ፣ እታባ።»

አዘጋጁ ገባ። ፊቱ እንቅልፍ እንዳጣ ሰው ገርጥቷል።

«እታባ፣ ዛሬ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ መስታወት ወዲያ፣ ከእኛ ጋር ሆነው ቢያዩስ? ደኅና ወንበር አዘጋጅቼልዎታለሁ።»

«እኔ ከሌለሁ ማን ሊያስታውሳት? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ አሉ!»

አዘጋጁ ወደ ዝነኛዋ ዞረ። «የባለፈው ስርጭት ነገር ዛሬ ከተደገመ፣ አለቆቹ ቦታሽን ለሌላ ይሰጡታል። ከእጄ ወጥቷል።»

«እሷ ከሌለች እኔም የለሁም» አለች ዝነኛዋ።

እታባ ልቧ በኩራት ሞላ። ወዲያው ደግሞ ፍርሃት ገባት። የልጅቷ እንጀራ በሷ ሹክሹክታ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

ካሜራው በራ። ዝነኛዋ ፋኖሱን አንሥታ ስለ ባሏ ስታወራ የካሜራ ሠራተኞቹ እንኳ መተንፈስ ረሱ። እታባ ጽሑፉን አልገለጠችም፤ ድሮም ሁሉንም በቃሏ ነው የምትይዘው። ከዚያ የምትፈራው መጣ። ልጅቷ ዝም አለች።

«መስኮቱን ክፈቱልኝ» አለች እታባ ሹክ ብላ። «ሳልሞት ሰማይ ልይ።»

የዝነኛዋ ትከሻ ደረቀ። ያ የተረገመ ጥጥ! እታባ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ሦስተኛ ጊዜ ስትደግመው ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ድምፅ ተቆጣጣሪ ማዳመጫውን ከጆሮው ነጠቀ።

ዝነኛዋ ቀስ ብላ ወደ ሶፋው ዞረች። «ሰማሁሽ፣ እናቴ» አለች። «ትንሽ ታገሺኝ።»

ከዚያ በኋላ የተናገረችውን እታባ ሰምታውም አታውቅም፤ ልጅቷ ሁሉንም ከራሷ ፈጠረችው። የደበቃትን ሰው ሆኖ አብሯት የሚጫወተው ሰውዬ ግን፣ እግዜር ይስጠው፣ አንድም ቦታ ሳይደናቀፍ እየመለሰላት እስከ መጨረሻው አደረሳት።

መብራቱ ሲጠፋ ማንም አላጨበጨበም።

«ሹክሹክታው በአየር ላይ ተሰማ» አለ አዘጋጁ።

«አውቃለሁ» አለች ዝነኛዋ ጥጡን እያወጣች። «በቃ፣ ቤታችን እንቀመጣለን።»

እታባ ሶፋውን ተደግፋ ተነሣች። «ልጄ፣ አንድ ዕድል ስጣት!» ብላ የአዘጋጁን ክንድ ያዘች። «መርሳት በሽታ ነው፤ ኃጢአት አይደለም። ከእንግዲህ አጠገቧ ሆኜ ጮክ ብዬ እነግራታለሁ።»

አዘጋጁ አቀርቅሮ መሬት መሬቱን አየ። ዝነኛዋ እህቷን አቅፋ ሶፋው ላይ አስቀመጠቻት።

«ተዪው፣ እታባ። እኔም ደክሞኛል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እኔ ነኝ የረሳሁት።»

አዲሷ ሜካፕ ሠሪ በብርጭቆ ውሃ ይዛ መጣች። «ይጠጡ፣ እታባ፤ ከሶፋው ጀርባ በጣም ሞቆዎት ነበር መሰለኝ» አለቻት። «መስኮቱን ክፈቱልኝ እያሉ ሲደጋግሙ አንጀቴን በሉት፤ ምን ላድርግ፣ ምድር ቤት እኮ መስኮት የለውም።»