ሦስት ከሃያ ያመጣችው የአናጢው ልጅ

«ሦስት ከሃያ... ይሄን ይዛ ቤቴ ልትገባ?»

አናጢው የፈተናውን ወረቀት የሒሳብ መምህሯ ጠረጴዛ ላይ ወረወረው።

በሌላ እጁ የአሥራ አንድ ዓመት ልጁን ጆሮ ይዟል። በመምህራን ክፍሉ ያሉት አስተማሪዎች ሁሉ ቀና ብለው አዩ...

«አባዬ፣ አመመኝ...»

«ዝም በይ፣ ድንጋይ። እኔ የበር ልክ በዓይኔ የምለካው ሰውዬ ሒሳብ የማይገባት ልጅ ልውለድ?»

መምህሯ ደሟ ፈላ። የልጅቷን ጆሮ አስለቀቀችው።

«አባት፣ ልጅዎ ሒሳብ ይገባታል። ቁጥር ብቻ ሲሆን የሚቀድማት የለም። በጽሑፍ የሚመጣው ጥያቄ ነው የሚጥላት። ንባብ ይከብዳታል... መጨረሻው ጋ ስትደርስ መጀመሪያውን ትረሳዋለች።»

«ሰበብ ነው።»

«ጥያቄውን እኔ ሳነብላት፣ ታሪኩን በራሷ አፍ መልሳ ትነግረኛለች። ከዚያ ቁጭ ብላ ትሠራዋለች። ለዚህ እኮ ነው ፈተና ላይ አንባቢ እንዲመደብላት ቅጽ የላክሁልዎ።»



መምህሯ ቅጹን ከመሳቢያ አወጣች።

«ሁለት የፊርማ ቦታ አለው። 'እስማማለሁ' እና 'አልስማማም'። እርስዎ 'አልስማማም' የሚለው ላይ ፈርመዋል። ምን አድርጋዎት ነው? እስቲ ይኸው፣ ራስዎ ያንብቡት።»

ተቀበለው። አገላበጠው። ግንባሩን ላብ አጠመቀው...

ልጅቷ ጆሮዋን እያሻሸች፣ «ቲቸር... መነጽሩን ቤት ረስቶ ነው» አለች።

ወገኖቼ... ሰውዬው በዕድሜው መነጽር አድርጎ አያውቅም።

ቁጥርና የራሱን ፊርማ እንጂ ፊደል አይለይም።

ልጅቷ ይህን ካወቀች ሁለት ዓመት አልፏታል። ቅጹን ሲፈርም አጠገቡ ነበረች። ፊደል በፊደል ለቅማ አነበበችው... ቦታውን እንደሳተም አየች። አባቷ እንዳያፍር ብላ ዋጥ አደረገችው።

መምህሯ አሁን ገባት። አናጢውን አየችው፤ እሱም አያት።

«አዎ... መነጽሬን ረስቼ ነው» አለ።

ከዚያ ምን ያደርግ ይመስላችኋል? ይቅርታ?

«ነይ እንሂድ፣ ድንጋይ» ብሎ ያንኑ ጆሮ ያዘ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። ስንቱ ወላጅ የራሱን ሐፍረት በልጁ ጆሮ ላይ ይወጣል! አለማንበብ አያሳፍርም፤ በገዛ ልጅህ ላይ ጨክነህ መደበቅ ግን ያሳፍራል።

እናንተ መምህሯን ብትሆኑ፣ እዚያው ሰው ፊት እውነቱን ታወጡበት ነበር... ወይስ የልጅቷን ምስጢር ትጠብቁላት ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።