የጠቆረው የብር ቀበቶ

ስቴንቮር በጎርፍ መከታተያው ቢሮ ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ የወንዙን መለኪያ በስክሪኑ ላይ ደግማ አየችው። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ሜትር ከአርባ ነው፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። በስልኩ ውስጥ ከወንዙ ዳር ከደወሉት አሮጊት ገበሬ ድምፅ ጀርባ የመኪና ጥሩምባ ይንጫጫል፤ ለምን እንደሆነ አልገባትም።

“ትናንት የወለወልኩት የብር ቀበቶ ከሰል መስሏል እልሻለሁ! የልጅ ልጄ ነገ ቤተ ክርስቲያን ልትታጠቀው ነበር። ብር የሚያጠቁረው ከበረዶው ሥር ካለው እሳተ ገሞራ የሚወጣው ድኝ ነው። እሳቱ በረዶውን አቅልጦታል፤ ጎርፉ መጣ!”

“እማማ፣ መሣሪያው እኮ ምንም አይልም።”

“መሣሪያሽ አፍንጫ አለው?”

ግራ ገባት። ማንን ትመን? የወንዙን ድልድይ ለማስዘጋት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ የጠቆረ ቀበቶ ደግሞ የትኛው ቅጽ ላይ ይሞላል? ያኔ በስክሪኑ ላይ ያለውን መስመር ልብ አለችው። በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ከበረዶ ተራራ የሚወርድ ወንዝ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም። መለኪያው ከሞተ ቆይቷል።

“እማማ፣ ድልድዩን አሁኑኑ አስዘጋለሁ!”

“እኔማ ትራክተሬን ገትሬበት ከዘጋሁት ቆየሁ። ላስፈቅድሽ የደወልኩ መሰለሽ? ቱሪስቶቹ ቁም ስቅሌን እያሳዩኝ ነው፤ አንድ ነገር በያቸው!”

ስቴንቮር አፏን ሳትከፍት ጥሩምባው ሁሉ ባንዴ ጸጥ አለ።

“ተይው” አሉ አሮጊቷ ቀስ ብለው። “ድልድዩን ጎርፉ ወሰደው።”